ፈርዖን ያላረባው ውሻ

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር። ሁለት ኢትዮጵያውያን ቡና እየጠጡ ይከራከራሉ። አንደኛው ለብዙ ዓመታት ታሪክ ያስተማሩ አዛውንት ናቸው፤ ሁለተኛዋ የእንስሳት ሐኪም ናት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መምህሩ፦ ልጄ፣ የውሻን ነገር ታውቂያለሽና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማልታ በምትባለው ደሴት ገበሬዎች ጥንቸል የሚያድኑበት ውሻ አለ። ጆሮው ትልቅና ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አፉ ሾጠጥ ያለ፣ ወገቡ ሸንቃጣ፣ ጸጉሩ አጭርና ቀይ፣ ዓይኑ ወደ ወርቃማ የሚያደላ ነው። ዓለም የፈርዖን ውሻ ይለዋል። በጥንታዊት ግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ ከተሳለው አዳኝ ውሻ ጋር ሳስተያየው ስሙ የሚገባው ሆኖ ይታየኛል። ፊንቄያውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ ማልታ ላይ ሰፍረዋል፤ ከግብፅ ጋር ይነግዱ ነበር፤ ውሻውን በመርከብ ጭነው ወስደውት ቢሆን ምን ያስገርማል? ጥቁር አባይና ነጭ አባይ እዚህ ካርቱም ላይ ገጥመው የሚወርዱበት ወንዝ ያሳደገው ውሻ ዛሬ በሜዲትራኒያን ደሴት ላይ ይኖራል ማለት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሐኪሟ፦ ደስታዎን መንሳት አልፈልግም ጋሼ፤ ስሙ ግን የተገባ አይመስለኝም። እንዲያውም ሁለት ወገን የበደለ ስም ነው እላለሁ። አንደኛ፣ ይህን ውሻ በድንጋይ መካከል እየመረጡ ያረቡትን የደሴት ገበሬዎች ልፋት ወስዶ ለንጉሥ ሰጠባቸው። ሁለተኛ፣ ለግብፅ ቤተ መንግሥት አዳኝ ውሾች ይመጡባቸው የነበሩትን አገሮች፣ ይኸውም አሁን የተቀመጥንበትን ምድርና አካባቢያችንን፣ ከታሪኩ አወጣቸው። ሁለተኛውን ቆይተን እንመጣበታለን። አሁን ከውሻው ሥራ ልነሳ፤ የአዳኝ ውሻ ጠባይ የሚቀረጸው በሚያድነው እንስሳ ነውና። የማልታ ሰዎች ራሳቸው ከልብ ታል-ፈኔክ፣ የጥንቸል ውሻ፣ ነው የሚሉት። ጥንቸል ሲባል ግን እዚህ በቡታና ሜዳ ወይም በጎንደር ቆላ ከቁጥቋጦ ሥር ድንገት ብድግ ብላ የምትፈተለከዋ አይደለችም። የእኛዋ ብቻዋን ትኖራለች፤ ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ልጆቿ ጸጉር አብቅለው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ፤ መከታዋ እግሯ ነው። የማልታዋ በመንጋ ትኖራለች፣ መሬት ትቆፍራለች፣ በድንጋይ ካብ ውስጥ ትሸጎጣለች፣ ልጆቿንም ዓይናቸው ሳይገለጥ ራቁታቸውን በጉድጓድ ትወልዳለች። የዚች እንስሳ የጥንት አገር የስፔንና የፖርቱጋል ምድር፣ ከዚያም የደቡብ ፈረንሳይ ዳርቻ ነው፤ ወደ ደሴቶቹ ያሻገራት ሰው ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደመዘገበው፣ የባሌአሪክ ደሴቶች ሰዎች ጥንቸል ሰብላቸውን ብታወድምባቸው ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ወታደር እንዲልክላቸው ለምነው ነበር። የፈርዖኖቹ ግብፅ ይህችን ቆፋሪ አታውቃትም፤ የምታውቃት የሜዳዋን ነው። ስለዚህ ግብፃዊ ንጉሥ ከካብ ውስጥ ጥንቸል የሚያወጣ ውሻ ያረባበት ምክንያት አልነበረውም።

መምህሩ፦ ሥራ እኮ ይለወጣል። ሚዳቋ ሲያባርር የኖረ ውሻ ደሴት ሲገባ ጥንቸል ማደን ይለምዳል፤ ዘሩ ግን ያው ነው። ደግሞም መልኩን እንዴት አድርገሽ ትክጂዋለሽ? ያን የቆመ ጆሮና ያን ቀጭን ወገብ በሥዕልም በሕይወትም አንድ ሆኖ እያየን!

ሐኪሟ፦ ሥራው ምን ያህል እንደሚለይ ልንገርዎና ከዚያ ወደ መልኩ እንመለስ። ማልታ ሦስቱንም ዋና ደሴቶች ቢደምሩ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት፤ የኖራ ድንጋይ ምድር፣ ደን የሌላት፣ ማሳዋ ሁሉ ያለ ጭቃ በተደረደረ ካብ የተከፋፈለ። ገበሬው ከጥቂት ውሾቹ ጋር አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ይወጣል። ውሻው በጨለማ ይሠራል ማለት ነው፤ ስለዚህ ዓይኑ ብቻውን አይበቃውም። በአፍንጫው ዱካ ይከተላል፣ ካቡ ሥር ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያዳምጣል፣ ትልልቆቹን ጆሮዎቹን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፣ ጥንቸሏ በየትኛው ድንጋይ ጀርባ እንዳለች ካረጋገጠ በኋላ ይጮኻል። ገበሬው መውጫዎቹን በመረብ ይዘጋና ፌሬት የምትባለውን ቀጭን ለማዳ እንስሳ ወደ ጉድጓዱ ይለቃል። ጥንቸሏ ካመለጠች ውሻው ካቡን በአንድ ዝላይ ተሻግሮ ይቀድማታል። ሥዕሉ ላይ ያለው የግብፅ ውሻ ደግሞ በብርሃን፣ በገላጣ ምድር፣ በዓይኑ እያየ በፍጥነቱ የሚያሳድድ ነው። ለዚህኛው ማዳመጥና ቆም ብሎ ማሰብ ትርፍ ነው፤ ለማልታው ግን መላ ሕይወቱ ነው። የውሻው ጠባይም ከዚሁ ይመነጫል፦ ሰው ሳያዘው በራሱ ይወስናል፣ በቀላሉ አይታዘዝም፣ ግን ከሌሎች ውሾች ጋር ተስማምቶ ስለሚሠራ ጠበኛ አይደለም፤ ለባለቤቱ የዋህ ነው፣ ለእንግዳ ጥቂት ይጠነቀቃል። ሲደሰት ወይም ሲጓጓ አፍንጫውና የጆሮው ውስጥ ይቀላል፤ ቆዳው እዚያ ላይ ጥቁር ቀለም ስለሌለው ደሙ ይታያል። እነዚህን ጠባዮች ያወጣው መቃብር ሳይሆን ካብ ነው። ከአንድ ደሴት ወደ ሌላው ሲሄዱም ይኸው ሥርዓት ይደገማል፤ በሲሲሊ በኤትና እሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የሚያድነው ቺርኔኮ ትንሽ ነው፣ ወንዱ 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፤ የማልታው ወንድ ከ56 እስከ 63 ይደርሳል፤ የኢቢዛው ከ66 እስከ 72። የስፔንና የፖርቱጋል ፖዴንኮዎች፣ የካናሪ ደሴቶቹም፣ ሁሉም የጥንቸል አዳኞች ናቸው። በእነዚህ ጥንቸል በሚታደንባቸው አገሮች ሁሉ ይህን የመሰለ ውሻ አለ።

ወደ መልኩ ስመጣ፣ የቆመ ጆሮ የውሻ ጥንታዊ መልክ ነው፤ ተኩላም ቀበሮም ጆሯቸው የቆመ ነው። ከገዳሪፍ እስከ መተማ በየመንገዱ ዳር የሚተኛው ባለቤት አልባ ውሻም ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው፤ እሱን የፈርዖን ዘር ያለው የለም። በሙቅ አገር በሩጫ የሚያድን ውሻ ሁሉ ደግሞ ቀጭንና እግረ ረጅም ይሆናል፤ ወፍራም ሆኖ አይችልማ። ልዩነት መፈለግ ከጀመርን ጅራቱን እንይ። በግብፅ ሥዕል ላይ የምናየው ቴሴም የተባለው ውሻ ጅራቱ ጀርባው ላይ ክብ ሆኖ የተጠቀለለ ነው። የማልታው ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ የሚቀጥን፣ ሲቆም የሚወርድ፣ ሲሮጥ ብቻ ከፍ ብሎ የሚጎብጥ ጅራት አለው። ዘር በመልክ ይታወቃል ካልን ማስረጃው እርስዎን የሚረዳ አይደለም። ጅራቱ የተጠቀለለ፣ ጆሮው የቆመ ውሻ የሚገኘው በኮንጎና በደቡብ ሱዳን ደን ነው፤ ባሴንጂ ይባላል። ቬሮኒካ ቱዶር-ዊልያምስ የተባለች እንግሊዛዊት አርቢ በ1959 ወደ ደቡብ ሱዳን የተጓዘችው ያን ውሻ ፍለጋ ነበር። በ2004 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የ85 ዝርያዎችን 414 ውሾች የዘር ውርስ መርምሮ ባሴንጂን ቀድመው ከተለዩት ጋር መደበው። የፈርዖንና የኢቢዛ ውሾችን ግን ከዘመናዊዎቹ የአውሮፓ ዝርያዎች ጋር አገኛቸው፤ አጥኚዎቹም የጥንት መልክ ያላቸው ሆነው በቅርብ ዘመን እንደገና የተሠሩ ናቸው አሉ።

መምህሩ፦ እዚህ ላይ ቆይ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ማስረጃ መመርመር ግን ሙያዬ ነው። እንግሊዝ አገር የገቡት የማልታ ውሾች በ1960ዎቹ የተወሰዱ ጥቂቶች ናቸው፤ ዛሬ በመዝገብ ያሉት አብዛኞቹ የነሱ ልጆች ናቸው። ከጥቂት ወላጆች የተገኘ ዘር በጥናት ሲታይ የጥንቱን መልክ ላያሳይ ይችላል፤ ትንሽ የሌላ ደም ከገባበትማ ይብሱን ይደበቃል። ስለዚህ ጥናቱ ስለተመዘገቡት ውሾች ይናገራል እንጂ በማልታ ገጠር ስለኖሩት አያቶቻቸው ምን ይነግረናል?

ሐኪሟ፦ ልክ ነዎት፤ ከዚህም የጠነከረ መቃወሚያ አለ። በ2012 ግሬገር ላርሰንና ባልደረቦቹ የዘር ጥናቱን ከአርኪዮሎጂ ጋር አስተያይተው፣ የጥንት ዝርያ የሚባሉት ዕድሜያቸው የረዘመ ሳይሆኑ ከሌሎች ተነጥለው የቆዩ ናቸው አሉ። ባሴንጂ ተለይቶ የታየው የአውሮፓ ውሻ ያልደረሰበት ደን ውስጥ ስለቆየ ነው። ስለዚህ በ2004ቱ ጥናት ብቻ የግብፅ ደም ፈጽሞ የለበትም ብዬ አልምልም። ግን አንድ ነገር ያስተውሉ ጋሼ፤ ባለ ክሱ ማን ነው? አምስት ሺህ ዓመት ያለ ቅልቅል ተጠብቆ መጣ የሚለው ወገን ማስረጃ ማምጣት አለበት። ያመጣው ሥዕል ነው፤ ሥዕሉም ጅራቱ ላይ ይከዳዋል። ፊንቄያውያን ማልታ መኖራቸው እውነት ነው፣ ውሻ በመርከብ መጫናቸውም ይቻላል፤ ይቻላል ማለት ግን ሆኗል ማለት አይደለም። የደሴቶቹ የራሳቸው ማስረጃ ግን በእጃችን አለ። በሲሲሊ የሴጌስታ ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በብሯ ላይ አዳኝ ውሻ ትቀርጽ ነበር። በማልታ ደግሞ ጆቫኒ ፍራንቼስኮ አቤላ በ1647 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለጥንቸል አደን የተመሰገኑና ለድንጋያማ አቀበት ስለሚሆኑ እስከ ፈረንሳይ ድረስ የሚፈለጉ ውሾች እንዳሉ ጽፏል። ያኔም የሚነሳው ስማቸው በሥራቸው ነው። ጥንቸል ለማልታ ደሃ ስንት ዋጋ እንደነበራት ለማወቅ ከፈለጉ፣ ደሴቲቱን ከ1530 እስከ 1798 የገዙትን የቅዱስ ዮሐንስ ባላባቶች ታሪክ ያንብቡ። ሂሜኔስ የተባለው አለቃቸው የጥንቸል አደን ሲከለክል ሕዝቡ እጅግ ተቆጣ፤ በ1775 በካህናት የተመራው አመጽ ሲነሣ ከቆዩት ቅሬታዎች አንዱ ይኸው ነበር። እኛ ኦርቶዶክሶች ጥንቸል ስለማንበላ ነገሩ ላይገባን ይችላል፤ ለነሱ ግን ዛሬም የበዓል ወጣቸው ነው። ይህን ሥጋ ከጌቶቹ ዓይን ተሰውሮ በሌሊት ለገበሬው የሚያመጣ ውሻ ነው እንግዲህ በንጉሥ ስም የተጠራው።

መምህሩ፦ ይህ ነገርሽ አሳምኖኛል፤ የገበሬው ውሻ ነው። አሁን ቆይተን እንመጣበታለን ያልሽውን እኔ ልያዘው፤ ሙያዬ ነውና። ጆርጅ ራይስነር የተባለውን አሜሪካዊ አርኪዮሎጂስት ታውቂዋለሽ? በ1935 ጊዛ ላይ፣ ፒራሚዶቹ አጠገብ፣ አንድ የተጻፈበት ድንጋይ አገኘ። ጽሑፉ የንጉሡ ዘበኛ ስለነበረ አቡውቲዩ ስለሚባል ውሻ ይናገራል፤ ውሻው ሲሞት ንጉሡ ሣጥን፣ ጥሩ በፍታና ዕጣን እንዲሰጠው፣ ግንበኞችም መቃብር እንዲሠሩለት አዘዘ ይላል። ከ4,200 ዓመት በፊት ገደማ መሆኑ ነው። የፈርዖን ውሻ ወዳጆች ይህን ድንጋይ ሁልጊዜ ይጠቅሳሉ። ይኸው ራይስነር ግን ከዚያ በፊት፣ ከ1913 እስከ 1916፣ ከካርቱም ሰሜን ዶንጎላ አካባቢ ከርማን ቆፍሮ ነበር። እዚያ ስፋታቸው 90 ሜትር የሚደርስ ክብ የመቃብር ጉብታዎች አገኘ። ከአንዱ ውስጥ ሄፕጄፋ የተባለ የግብፅ ሹም ሐውልት ስለወጣ፣ ይህን ያህል ትልቅ ነገር የግብፅ ገዢዎች ሥራ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። ተሳስቶ ነበር። ጉብታዎቹ የኩሽ ነገሥታት ናቸው፤ ሐውልቱ በዝርፊያ ወይም በንግድ ከሰሜን የመጣ ነው። ሻርል ቦኔ የመራው የስዊስ ቡድን ለአሥርት ዓመታት ቆፍሮ ከርማ የራሷ መንግሥት፣ የራሷ ከተማ እንደነበረች አሳየ። ስለ ውሻው ያልሽው ከዚሁ ጋር አንድ ነው፤ ያማረ ነገር በተገኘ ቁጥር ባለቤቱ ፈርዖን ይሆናል! በከርማ መቃብሮች ውስጥ ደግሞ ውሾች አሉ፤ ከሰው ጋር የተቀበሩ። ሉዊ ሼ የተባለው የእንስሳት አጥንት ሊቅ አጥንቷቸዋል። ከሺህ ዓመታት በኋላም በባላናና በቁስጡል የኑቢያ ነገሥታት ከፈረሶቻቸውና ከውሾቻቸው ጋር ይቀበሩ ነበር።

ሉክሶር ወዳለው ወደ ሬክሚሬ መቃብር ብትሄጂ ደግሞ ነገሩ ይገለጥልሻል። ሬክሚሬ የዳግማዊ አሜንሆቴፕና ከእሱ በፊት የሦስተኛው ቱትሞስ ዋና ሹም ነበር፤ ከ3,400 ዓመት በላይ ሆነው። ግድግዳው ላይ ከኑቢያ የመጡ ሰዎች የዝሆን ጥርስ፣ ዞጲ፣ ነብር፣ ቀጭኔ፣ ረጅም ቀንድ ያላቸው ከብቶች ያስረክባሉ፤ ከነሱም ጋር አዳኝ ውሾችን በገመድ ይዘው ይመጣሉ። ንግሥት ሃትሼፕሱት ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች ይዘው የተመለሱትን ነገር የሚዘረዝረው የዴር ኤል-ባሕሪ ጽሑፍም ከዕጣኑና ከዝንጀሮው ጋር ውሾችን ይቆጥራል። ፑንት የት እንደነበረች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ በቅርቡ በግብፅ በተገኙ የዝንጀሮ ሬሳዎች ላይ የተደረጉ ምርምሮች ግን ወደ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ምድር ያመለክታሉ። ስለዚህ ልጄ፣ ፈርዖን ራሱ ውሻ የሚያስመጣው ከእኛ ነበር። ስሙ የኩሽ ውሻ፣ የፑንት ውሻ መሆን ነበረበት!

ሐኪሟ፦ እዚህ ላይ ነው እኔ የምፈራው። መጀመሪያ የፈርዖንን ስም ያለ ማስረጃ ለጠፉበት ብለን ወቀስን፤ አሁን ደግሞ የራሳችንን ልንለጥፍበት ነው። ሬክሚሬ ግድግዳ ላይ ያሉት ውሾች የሚያሳዩት ግብፅ አዳኝ ውሻ ከደቡብ ታስገባ እንደነበር ነው፤ ከዚያ ወደ ማልታ የሚወስድ አንድም ድልድይ አይሰጡንም። ከደቡብ ብቻም አልነበረም። ንጉሥ ሁለተኛው ኢንቴፍ፣ ከርማ ገና ባላየለችበት በ21ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደት፣ ውሾቹን በመቃብር ድንጋዩ ላይ አስቀርጿል፤ የአንዳንዶቹ ስም ግብፃዊ አይደለም፣ ብዙ ሊቃውንትም ከሊቢያ በርበሮች ቋንቋ ጋር ያያይዙታል። እንግዲህ የግብፅ ቤተ መንግሥት ውሻ ከምዕራብም ከደቡብም የተሰበሰበ ነበር። የኔ ክርክር ይኸው ነው ጋሼ፤ በቤተ መንግሥት የታየው ውሻ ራሱ ከእረኞችና ከአዳኞች እጅ የመጣ ከሆነ፣ ንጉሡ የውሻ ፈጣሪ ሳይሆን ተቀባይ ነው። የማልታም እንዲሁ። የፑንት ልንለው የምንችለው ከፑንት እንደመጣ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

መምህሩ፦ ይሁን፣ እቀበላለሁ፤ ቸኩያለሁ። ግን ይህን ሁሉ ስም ላይ መሟገት ለምን? ውሻው ስሙን አያውቅም። ስሙ ያማረ ስለሆነ ሰዎች ወደዱት፤ ወደዱትና ከመጥፋት ዳነ። ማልታ ራሷ ኮርታበት በ1977 በብር ሳንቲሟ ላይ ቀርጻዋለች።

ሐኪሟ፦ ስሙ የሰዎቹን ዓይን ስለሚመራ ነው የምሟገተው። ዘር የሚመረጠው ሥዕሉን እንዲመስል ከሆነ፣ አርቢው የሚያየው የጆሮውን ቁመትና የጸጉሩን ቅላት እንጂ መስማቱንና ካብ መዝለሉን አይደለም። ከዚህ የከፋውን በስፔን ያያሉ። ፖዴንኮ የዚሁ ቤተሰብ ውሻ ነው፣ ሥራውም ያው ነው፣ ግን የንጉሥ ስም አልደረሰውም። የአደን ወቅት ሲያበቃ ብዙዎቹ ይጣላሉ፤ እነሱን የሚሰበስቡ በጎ አድራጊዎች በየአውሮፓ አገሩ አሉ። ስፔን በ2023 ያወጣችው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ እንኳን አዳኝ ውሾችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። አንዱ በለንደን ምንጣፍ ላይ ይተኛል፤ ሌላው መንገድ ዳር ይጣላል። ልዩነቱ ደማቸው አይደለም፤ አንዱ ታሪክ ተሰጠው፣ ሌላው የገበሬ ዕቃ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ክብሩን ከፈርዖን ነጥቀን ለሥራው ብንሰጠው ለሁለቱም ይደርሳቸዋል።

መምህሩ፦ ይህን ክርክር ወደዚህ አገር አምጪው እስቲ። እዚህስ? ውሻ ርኩስ ነው በሚል አገር፣ በእኛም ዘንድ ውሻ ስድብ በሆነበት፣ ለየትኛው ውሻ ነው ክብር የሚሰጠው?

ሐኪሟ፦ ሱዳን ውስጥ ነገሩ ከሚባለው ይለያል። አብዛኛው የሱዳን ሙስሊም የሚከተለው የማሊክ መዝሐብ የውሻን ሰውነት ንጹሕ ነው ይላል፤ ቁርኣኑም የሠለጠነ አዳኝ እንስሳ የያዘውን መብላት ይፈቅዳል። የቡታናና የኮርዶፋን እረኞች ሰሉቂ የሚሉትን ረጅም ሯጭ ውሻ አቅርበው የሚያሳድጉት ለዚህ ነው። እሱን ግን ማን መዘገበው? ማልታ ውሻዋን በሳንቲም ስትቀርጽ፣ የዚህ አገር አዳኝ ውሾች ግን እኔ እስከማውቀው ቁመታቸው እንኳ በወጉ ተለክቶ በመዝገብ አልሰፈረም። በሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት ደግሞ እረኛውን ከመስኩ አፈናቀለው፣ የካርቱምን ብሔራዊ ሙዚየም አዘረፈ፤ የከርማ ቅርሶችም እዚያ ነበሩ። ሻምባት ያለው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ወደ ሥራው ሲመለስ የመጀመሪያ ተግባሩ እነዚህን ውሾች ከየሰፈሩ መመዝገብ ቢሆን እወዳለሁ፤ አዳኞቹ እረኞች እያሉ፣ ማን ከማን እንደተወለደ በቃላቸው የሚያውቁት ሳያልፉ።

መምህሩ፦ ያኔ የፑንት ነገር ይረጋገጥ ይሆናላ?

ሐኪሟ፦ ሊረጋገጥም፣ ሊፈርስም ይችላል። የከርማ ውሾች አጥንት አለ፤ በሙቅ አገር የዘር ውርስ በአጥንት ውስጥ ቶሎ ይጠፋል፣ ጥርስና የጆሮ አጥንት ግን አንዳንዴ ይጠብቁታል። ከዚያ የሚገኘውን ከቡታና ሰሉቂ፣ ከጎንደር ቆላ ውሻ፣ ከባሴንጂና ከማልታ ገጠር ውሻ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። የእንግሊዝ መዝገብ ውስጥ ካለው ጋር ሳይሆን፣ እርስዎ እንዳሉት ገበሬው ዘንድ ከቀረው ጋር።

መምህሩ፦ ውጤቱ ምንም ቢሆን ግን የፈርዖን የሚለው ስም ከመዝገብ ይፋቅ እላለሁ።

ሐኪሟ፦ ያንን የሚወስኑት እኔና እርስዎ አይደለንም፤ ማልታዎች ናቸው። እነሱ ግን ስም አውጥተውለት ቆይተዋል።